ሠላሳ ላይ የሚያበቃ ሰዓት

ሐምሌ 6

ዝናብ። አሮጌ ዕቃ ገበያው ምናለሽ ተራ ገብቼ ጫማዬ ጭቃ ጠጥቶ ተመለስኩ። ዘሀራ የተበላሹ ሰዓቶቿን እንደ ሽንኩርት ከምራ ነው የምትሸጠው። "ሐመልማል፣ አንቺ የጥርስ ሠራተኛ አይደለሽ እንዴ? ሰዓት ምን ያደርግልሻል?" ሳቅኩ። ምን ልበላት? አባዬ ሰባተኛ ሰፈር አርባ ዓመት ሰዓት ሲጠግን ኖሮ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሱቁን ዘጋ... ከዚያ ወዲህ ሰዓት አይነካም። አያስርም። ስንት ሰዓት ሆነ ብሎ እንኳ አይጠይቅም።

ቀን ማሳያ ያለው፣ በእጅ የሚሞላ የሰዓት ማሽን አገኘሁ። የድሮ ደንበኛውን የጋሽ ሃብታሙን ሮሌክስ የሚመስል ሰዓት ለአባዬ በራሴ እጅ ልሠራለት ነው። አብጃለሁ መሰለኝ።

ሐምሌ 13

ጋሽ ሃብታሙ ነፍሳቸውን ይማረው፣ የጨርቅ አከፋፋይ ነበሩ። ወር በገባ በአንድ፣ በልደታ፣ በጠዋት አባዬ ሱቅ በር ላይ ቆመው እጃቸውን ይዘረጋሉ። የፈረንጅ ሰዓት እስከ ሠላሳ አንድ ይቆጥራል፣ የእኛ ወር ሠላሳ ላይ ያልቃል። በየወሩ አንድ ቀን ይሳሳታል። አባዬ ያስተካክላል፣ በነፃ። እሳቸው ብቻ ነበሩ እንዴ? ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በልደታ እጁን ዘርግቶ ይሰለፍ ነበር። ማን አገባ፣ ማን ታመመ፣ ሁሉ እዚያ ይሰማል። እንዴት ደስ ይል ነበር...

የጋሽ ሃብታሙን ወርቅ ሰዓት ግን አባዬ ቶሎ አይመልስም። አንድ ቀን እሳቸው ከሰው ጋር ሲያወሩ በራሱ እጅ ላይ አሰረው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሳየው አየኝና ቶሎ አወለቀው። ያ ፊቱ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ሐምሌ 27

የሰዓቱን የውጭ አካል በሰም ቀረጽኩት፣ ልክ እንደ ጥርስ። ከሥራ በኋላ ላቦራቶሪ ቀርቼ የጥርስ ብረት አቅልጬ አፈሰስኩበት። አለቃዬ ምስራ አገላብጣ አየችውና "ይሄ ደግሞ የማን መንጋጋ ነው?" አለች። ወርቅ አይደለም። ያብረቀርቃል ግን።

ነሐሴ 4

ፊቱ ላይ የሮሌክስን ስም ልጻፍ? ተውኩት። ድሮ አንዱ ፎርጂድ ሰዓት ይዞ ቢመጣ አባዬ በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰለት። "የሰው ስም ሰርቆ የሚዞር ሰዓት፣ ሰዓቱንስ ማን ያምነዋል?"

ባዶ ይሁን። ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ለምን ቀኑን ሠላሳ ላይ እንዲያበቃ አላደርገውም? ሠላሳ አንድ ጥርስ ያለውን ክብ አውጥቼ ባለ ሠላሳ መሥራት ነው። ጥርስ እንደሆነ እንጀራዬ ነው።

ነሐሴ 18

ሦስት ክብ ሠርቼ ጥርሳቸው ተነካክሶ ቆመ። አራተኛው ዞረ። እልልታ ቀረኝ።

ነሐሴ 25

ለአባዬ ሰጠሁት። መነጽሩን አደረገ። ብዙ አገላበጠው።

"ስሙ የታለ?"

"ስም የለውም አባዬ።"

"ደግ።"

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ምላሴ አላርፍ አለ። ሠላሳ ላይ እንደሚያበቃ፣ በየወሩ ማንም ማስተካከል እንደማያስፈልገው... እየተኩራራሁ ነገርኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። "እንግዲያ ማንም አይመጣም ማለት ነው።"

ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ገብቶ ተኛ። ምን አደረግሁ? ሰዎቹን ነበር የሚወደው... እኔ ስህተቱን ሳጠፋ እነሱንም አጠፋኋቸው።

ነሐሴ 26

ጠረጴዛው ላይ ነው። አልሞላሁትም። ይቁም።

ጳጉሜ 2

አልቆመም! በቀን አንዴ ካልተሞላ የሚቆም ሰዓት ነው። እኔ ደግሞ አልነካሁትም። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና አባዬ ብቻ ነን።

ቀኑ 2 ይላል። ልክ ነው... ቆይ፣ ጳጉሜስ? ጳጉሜ ዘንድሮ አምስት ቀን ናት። እንቁጣጣሽ ሲመጣ ሰዓቱ 6 ይላል። ያን ሁሉ ስለካ ጳጉሜን ረስቻት! ብቻዬን እንደ ጅል ሳቅኩ። ላስተካክለው? አልነካውም።

መስከረም 1

በጠዋት ሰዓቱን አሰርኩና በሩ ላይ ቆሜ እጄን ዘረጋሁ።

"አባዬ፣ ቀኑ ተሳስቷል።"

"ስንት ይላል?"

"ስድስት።"

ጎንበስ ብሎ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ጳጉሜን የት ጥለሻት ነው፣ አንቺ ልጅ?"

ከእጄ ፈታው። መሙያውን ሳብ አደረገ። እጁ ተንቀጠቀጠ፣ አመለጠው፣ እንደገና ያዘው። እንዳልረዳው በሌላ እጄ የበሩን መቃን ጭምቅ አድርጌ ያዝኩ። ሰባት። "ሥላሴ" አለ። ስምንት። "አባ ኪሮስ።" ልጅ ሆኜ የወሩን ቀናት የተማርኩት እንዲህ ሲያዞር ነበር። ሚካኤል ላይ ትንሽ አረፈ። ማርያም፣ ጊዮርጊስ... "አማኑኤል፣ የሰፈራችን" አለ። ሃያ አምስት ቀን፣ አንድ በአንድ። "ልደታ።"

እጄን እንደዘረጋሁ ቆሜያለሁ። አልመለሰልኝም። በራሱ እጅ ላይ አሰረው፣ ራቅ አድርጎ አየው። ከዚያ እንደ ድሮው እያየሁት መሆኔን አየ።

አላወለቀውም።