አራቱ የወይን እንጨቶች

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ጆንያው ባዶ ነው። ሦስት ጊዜ አየሁት፣ ገልብጬም አራገፍኩት። አራቱ የወይን እንጨቶች የሉም።

ከድሮው ቤታችን ግቢ፣ እጅጋየሁ በተጋባን ዓመት ከተከለችው ወይን ላይ የቆረጥኳቸው ነበሩ። ቤቱ ባለፈው ሳምንት ለመንገድ ፈረሰ፣ ወይኑም አብሮ ሄደ። እሷ ከሞተች ዓመት ከአምስት ወር ሆናት። ከዚያ ግቢ የቀረኝ እነሱ ብቻ ነበሩ። ቦታ እስካዘጋጅላቸው በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሥር አስቀመጥኳቸው፣ ሞኙ እኔ።

ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ተገኙ። ምነው ባልተገኙ።

ከብሎካችን ጀርባ ቆሻሻ ይጣልበት የነበረውን ቦታ ከጎረቤቶቼ ጋር አጽድተን አትክልት ከጀመርን ስድስት ወራችን ነው። ጀሞ ከገባሁ ወዲህ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳኝ ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር አለ ብል ውሸት ነው። ዛሬ ጀሪካኔን ይዤ ስወርድ እንጨቶቼ በታደለች ቲማቲም መሐል ቆመዋል። አናታቸውን በድንጋይ ተመትተው ገብተዋል፣ ቲማቲሙም በጨርቅ ቁራጭ ታስሮባቸዋል።

ታደለች ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር የወላይታ ሴት ናት። ጴንጤ ናት፣ ስትኮተኩት መዝሙር ከአፏ አይጠፋም።

«ጋሽ ያኒ፣ ለድጋፍ ያዘጋጁልን መስሎኝ እኮ ነው» አለች። «ጫፉን አሹለውት የለ?»

እውነቷን ነው። አባቴ ያስተማረኝ ነው፤ የወይን እንጨት ታችኛው ጫፉ በሰያፍ፣ ላይኛው ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል፣ ሲተከል ላይና ታቹ እንዳይምታታ። እኔ በተወለድኩበት የግሪክ ደሴት ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ታደለች ከየት ታውቃለች? ቅጠል የሌለው፣ ጫፉ የሾለ ደረቅ እንጨት። እኔም ብሆን ካስማ ነው የምለው።

ይህን ግን አሁን ቁጭ ብዬ ነው የማስበው። ያኔ ደሜ ፈላ። አንዱን ነቀልኩት፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፤ ቲማቲሙም አብሮ ተነቀለ። ኮብልስቶኑ ላይ ወረወርኳቸው። «ሚስቴን ነው በድንጋይ የመታሻት» አልኳት። አራተኛው ፊት ቆማ አላስነካም አለች፣ ለቲማቲሟ ሳስታ ነው መሰለኝ። ጥያት ሄድኩ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

አልወረድኩም።

ልጄ ኤሌኒ ከአቴንስ ደወለች። ከፋሲካ በኋላ መጥታ ልትወስደኝ ለወራት ስትለምነኝ ነበር፤ እስከዛሬ በአትክልቱ እያመካኘሁ እምቢ ስላት ቆየሁ። ዛሬ እሺ አልኳት። ደስ ብሏት አለቀሰች። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ከዚያ አገር ስወጣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ አሁን ሰባ ዘጠኝ ነኝ። ግሪክኛዬ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግሪክኛ ነው። ይህንንም የምጽፈው እጅጋየሁ ባስተማረችኝ ፊደል ነው።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

የውሃ ቀን ነው። ጎረቤቶቼን በመስኮት አያቸዋለሁ። ጎመኑን በቀትር ፀሐይ ያጠጣሉ፣ ስንት ጊዜ ተናግሬ። መስኮቱን ዘጋሁት።

በሬ ላይ አንድ ፌስታል ቆስጣ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። የታሰረው ቲማቲሙን ባሰረችበት በዚያው ዓይነት ጨርቅ ነው። አብስዬ በላሁት። እያፈርኩ፣ ግን ጨረስኩት።

የካቲት 9፣ እሑድ

ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ወረድኩ። ሦስቱ የወረወርኳቸው ቦታ ናቸው። አንዱን ሰበርኩት፤ ውስጡ ቡናማ ነው፣ አረንጓዴ የለውም፣ ሞቷል። ሌሎቹም እንደዚያው። ቢሆንም ለቅሜ ቤት አስገባኋቸው። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

አራተኛው ቲማቲሙን ተሸክሞ ቆሟል። አልነካሁትም።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ይቅርታ ጠየቅኳት። ሌሊቱን የተዘጋጀሁበት ንግግር ጠፋብኝ፣ «ታደለች፣ ይቅር በይኝ» ብቻ አልኩ።

«የባለቤትዎ መሆኑን ባውቅ እጄን አልዘረጋም ነበር» አለች። ቀጥላም «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጀሞ ከገባሁ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። እስከ ምሳ ሰዓት አወራሁላት። እጅጋየሁ ሩዝ ጠቅልዬ ለምቀቅልበት ለዶልማ የወይኑን ቅጠል ስቆርጥ እንዴት እንደምትቆጣኝ፣ ዛፉን ራቁቱን አስቀረኸው እያለች። ታደለች ሳቀች፣ እኔም።

አራተኛውን ነቅላ ልትሰጠኝ ነበር። ተይው አልኳት፣ አናቱ ተቀጥቅጧል፣ ሞቷል። «እንግዲያው ከቲማቲሙ ጋር ውሃውን ይጠጣ» አለች።

ከመሄዴ በፊት፦ የቲማቲም ቅርንጫፍ አገራረዝ ለታደለች ማሳየት። መቀሱን ለእሷ። ዶማው የእድሩ ነው፣ መመለስ። ፓስፖርት።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ብዙ ቀን አልጻፍኩም። ፎቶ ተነሳሁ፣ ፎርም ሞላሁ።

ዛሬ ጠዋት ታደለች በሬን አንኳኳች። «ጋሽ ያኒ፣ ይውረዱ» አለች። መነጽሬን እንኳ ሳልይዝ ወረድኩ፣ ተመልሼ መጣሁና ያዝኩ።

አራተኛው አቆጥቁጧል። ከተቀጠቀጠው አናት በታች፣ ሁለተኛው አንጓ ላይ፣ ምስር የምታህል ነገር፣ ፀጉራም፣ ጫፏ ቀላ ያለ።

ይህ ጸደቀ ማለት አይደለም። የወይን እንጨት በውስጡ ባለው ስንቅ ቅጠል አውጥቶ፣ ሥር ሳይሰድ የሚሞትበት ጊዜ አለ። ነቅሎ ማየት አይቻልም። እስከ ሰኔ ድረስ ጠብቆ ማየት ብቻ ነው። ለኤሌኒ ደውዬ ይህንኑ ነገርኳት። «እሺ አባዬ፣ እስከ ሰኔ» አለች። እንደከፋት ከድምጿ ያስታውቃል።

ታደለች የሾለውን ጫፍ ወደ ታች አድርጋ፣ ፍግ የበላ እርጥብ አፈር ውስጥ ነው የተከለችው። ልክ አባቴ እንደሚያደርገው። አራቱንም እንደዚያ ነበር የተከለቻቸው።

ሳለቅስ በደስታ መስሏት አብራኝ አለቀሰች። ሦስቱን የገደልኳቸው እኔ መሆኔን አልነገርኳትም።