ለአባ ቢያ ችግኝ የወሰድኳቸው ጥንዚዛዎች

ሰኞ
ማንቲሷ፣ ያቺ ነፍሳት አዳኝ፣ ጥንዚዛዬን በላችው። የቡና ችግኙን የሚመጠው ተባይ፣ ክሽክሽ፣ ቅጠሉን ሞልቶት እያለ፣ እሷ ዘወር ብላ ጥንዚዛውን በሁለት ክንዷ ቀጨም! ጭንቅላቱን አስቀድማ። አንድ መረብ ውስጥ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ፤ አብረው ይሠራሉ ብዬ። አብሮኝ የሚማረው ቶሌራ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የመመረቂያ ጥናቴ ነው።

ማክሰኞ
ልዩነታቸው ግልጽ ሆነ። ማንቲስ፦ አድፍጣ ትጠብቃለች፣ ትልቅ ነገር ትወዳለች፣ ንብም አትምርም። ክሽክሽን ከቁም ነገር አትቆጥረውም። ጥንዚዛ፦ ትንሽ፣ ሆዳም፣ ከቅጠል ቅጠል እየዞረ ክሽክሹን ይለቅማል። አማካሪዬ "ይሄማ የታወቀ ነው" አሉኝ። ይሁን። ሰቃ ወረዳ ያሉት ገበሬ፣ አባ ቢያ፣ ግን እኔን አምነው ችግኛቸው ላይ መድኃኒት አልረጩም። ክሽክሹ ደግሞ እየባሰበት ነው።

ረቡዕ
የቀሩትን ጥንዚዛዎች በዕቃ ይዤ ሰቃ ሄድኩ። አባ ቢያ ዕቃው ውስጥ አጮልቀው "ልጄ፣ ይሄ ነው የሚያድነን?" አሉ።
"እስቲ እንየው፣ አባ።"
ለቀቅናቸው። ወዲያው መብላት ጀመሩ! አባ ቢያ ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቆዩና "ዋላሂ፣ ይበላል" አሉ። ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

ሐሙስ
አባ ቢያ ደወሉ። ጎረቤታቸው ጫቱ ላይ መድኃኒት ረጭቶ ነፋሱ ወደ ችግኙ አመጣው። በረርኩ። ጥንዚዛዎቹ መሬት ላይ በጀርባቸው ተዘርረዋል፤ ጥቂቶቹ እግራቸውን ያወራጫሉ። ክሽክሹ ከቅጠሉ ሥር ተጣብቆ ተርፏል። አባ ቢያ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "ማል ጎና?" ብቻ አሉ። ምን እናድርግ ማለታቸው ነው። እኔስ ምን አውቄ።

ዓርብ
ከአልጋ አልወረድኩም። ቶሌራ መጥቶ "እንደገና ትጀምሪያለሽ" አለኝ። በምን?

ቅዳሜ
አባ ቢያ ጠሩኝ። ስደርስ ችግኙን ነቅለው ጨርሰዋል። መሬቱ ከእንግዲህ ለጫት ነው። "ሁሉም ይረጫል። እኔ ብቻዬን ምን ላድን?" አሉ። ደህና የሚመስሉትን ችግኞች ለይተው በጆንያ አስረው ሰጡኝ። "መጣል አቃተኝ፤ አንቺ ውሰጂው።" እምቢ ማለት እኔም አቃተኝ።

አሁን ጆንያው ደጄ ላይ ነው። አከራዬ እትዬ አልማዝ አይተውት "ይሄ ሁሉ ደግሞ የት ሊተከል ነው?" አሉኝ። ግቢው ሲሚንቶ ነው። ጆንያው ላይ ውሃ አርከፈከፍኩ። ሌላ የማደርገው ጠፋኝ።