ጣቴ እስኪያመኝ

የካቲት 12፣ ከጧቱ 12፡40

ዛሬም ምንም የለም። ዓይኔን ጨፍኜ ግራ እጄን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ባሌ ደሳለኝ አንዴ በመርፌው ሹል፣ አንዴ በመርፌው ራስ ይነካኛል፤ እኔ «ሹል» ወይም «ዱልዱም» እላለሁ። መዳፌ ላይ ሁሉንም አወቅሁ። ሌባ ጣቴና መሀል ጣቴ ላይ ስንደርስ በልበ ሙሉነት «ሹል!» አልሁ። ገና አልነካሁሽም አለኝ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ሳቅን። ባሌ የባዮሎጂ መ/ር ነው፤ ውጤቴን በቀይ እስክሪብቶ ይመዘግባል። ከአሥር ሁለት። ከሥሩ፦ ትጋት ያስፈልጋል።

ደብተሬ፣ አዲስ ስለሆንህ ልንገርህ። ኅዳር ላይ ከደልጊ የመጣ ዓሣ ስበልት ቢላው አዳለጠኝ። መዳፌ ውስጥ ወደ ሁለቱ ጣቶች የሚሄደውን ነርቭ ቆረጠው። ዶ/ሩ ሰፋው። የተሰፋው ግን ሽፋኑ ነው፤ ውስጡ ከስፌቱ ጀምሮ በቀን የጤፍ ፍሬ ያህል እያደገ ወደ ጣት ጫፍ ይሄዳል። ከደረሰ።

ሃያ ዓመት የጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ቀኝ እጄ ይወጋል፤ የሕፃናትን ደም ሥር ዳስሶ የሚያገኘው ግራ እጄ ነው። አሁን መዝገብ እጽፋለሁ። ኃላፊዬ እስከ መጋቢት መጨረሻ ታገሠችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ካርድ ክፍል ነው። የዝውውር ቅጹ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። አላየውም።

የካቲት 17፣ ከጧቱ 2፡15

ጎረቤታችን መሪጌታ ይትባረክ መጡ። ሰባ አልፏቸዋል፤ ስኳር አለባቸው። ትናንት ኪዳነ ምሕረት ነበረች፤ ማሕሌት ቆመው ነው ያደሩት። የቀኝ ካልሲያቸው ደም ነክቶታል። አወለቅሁት። ከጫማቸው ሶል የወጣ ሚስማር ተረከዛቸውን በስቶታል። ስንት ቀን እንደሆነው አያውቁም።

አያምዎትም ወይ? አልሁ። ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዓምና ወዲህ እግራቸው ጸጋ ተሰጥቶታል አሉኝ። ሌላው ካህን መቋሚያው ላይ ሲንጠለጠል እሳቸውን ድንጋዩም አይቆረቁራቸው፣ ብርዱም አይሰማቸው። ውዳሴ ከንቱ እንዳይሆንባቸው ለሰው አልተናገሩም።

ሳቄን ዋጥሁ። ነገርኋቸው፦ ቆዳችን ውስጥ ልብስ የሌላቸው ቀጫጭን የነርቭ ጫፎች አሉ። ዘበኞች ናቸው። የሚወጋ፣ የሚያቃጥል፣ የሚጨፈልቅ ነገር ሲመጣ ይነቃሉ። መልእክቱ በእግር ሽቅብ ወደ አከርካሪ፣ ከዚያ ወደ አንጎል ይሮጣል። አመመኝ የሚያሰኘው አንጎል ነው። ስኳር ሲበዛ እነዚህን ጫፎች ይገድላል።

ተረከዛቸውን አገላብጠው አዩ። አሳዘኑኝ። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው መሳቅ ጀመሩ። «ዓመት ሙሉ በስኳር ስመካ!» ቁስላቸውን አጥቤ ሳሽግ እጄን ተመለከቱ። «አንቺስ ልጄ፣ ጣቶችሽ ጸጋ አገኙ?»

ተስማማን። ቁስሉ እስኪድን ማሕሌት የለም። ጧት ጧት እየመጡ እግራቸውን አያለሁ።

የካቲት 30፣ ቀትር

ጾም ነው። ከቆጋ በመጣ ቃሪያ ስንግ ሠራሁ። ፍሬውን በግራ ጣቶቼ ጠራረግሁ፤ አይሰማቸው፣ ምን ቸገራቸው። ረስቼ ዓይኔን አሸሁ።

እሳት! ደሳለኝ እየሮጠ መጣ፤ ነገሩን ሲረዳ ፊቱ በራና ጀመረ፦ ቃሪያ እኮ አያቃጥልም፣ ሙቀት የሚያውቀውን የነርቭ በር በሌባ ቁልፍ ከፍቶ ነው፣ እሳት በሌለበት «እሳት» ብሎ የሚጮኸው ነርቩ... ውሃ አምጣ ሰውዬ፣ ክፍል ውስጥ አይደለህም! አልሁት። አመጣ። እያፈሰሰም አስተማረ።

አንዱ ቃሪያ። ዓይኔ ተንጨረጨረ፣ ጣቴ አላወቀም። አመሻሹ ላይ ትንሽ ከፋኝ።

መጋቢት 9፣ ከጧቱ 12፡50

አመመኝ!

የሌባ ጣቴ ጫፍ። መጀመሪያ ብልጭ አለ፣ ስለታም። ከዚያ ትንሽ ዘግይቶ ሁለተኛው መጣ፤ ዝግ ያለ፣ የሚለበልብ። ፈጣኑም ዘገምተኛውም መንገድ ተከፍቷል። ድገመኝ አልሁ። ደገመኝ። ሌላውን ጣት ውጋ! ወጋው። ኡኡ አልሁ በደስታ። ከአጥሩ ማዶ መሪጌታ ተጣሩ፦ «ደሳለኝ፣ በጾም ሚስት ይደበደባል?» በመስኮት ነገርኋቸው፤ እልል አሉልኝ። ወንድ ልጅ፣ ያውም መሪጌታ፣ እልል ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ከአሥር ዘጠኝ። አንዱን የቀነሰው እንዳልኩራራ ነው።

ማታ ሐይቁ ዳር ሄድን። እጄን ነከርሁ። ይቀዘቅዛል። ደግሜ ነከርሁ።

መጋቢት 13

ዶ/ሩ ደስ አለው፤ ቃል ግን አልገባም። ሕመምና ሙቀት ቀድመው ይደርሳሉ፣ ረቂቁ መዳሰስ ወደ ኋላ ይቀራል አለ። ይደርስ ይሆናል፣ ላይደርስም ይችላል። ዓይኔን ጨፍኜ የደሳለኝን ደም ሥር ፈለግሁ። አጣሁት። እንደ ገመድ የሚወጣውን የደሳለኝን ካጣሁ፣ የሕፃን እንዴት?

መጋቢት 24፣ ከጧቱ 1፡20

የመሪጌታ ቁስል ድኗል። ግራ እጄን በውስጥ እግራቸው ላይ አሳለፍሁ፣ እንዲያው ልሞክረው ብዬ። ከአውራ ጣታቸው ሥር አንድ ቦታ ላይ ቆምሁ። ከሌላው ይሞቃል። ቆዳው ደህና ነው፤ ለዓይን ምንም የለም። ተመለስሁበት፤ አዎ፣ ይሞቃል። ሌላኛውን እግር ነካሁ፤ እዚያ የለም። ጫማውን ገለበጥሁ። ገበሩ ተጣጥፎ ልክ እዚያ ላይ ይጫናል። እንዲህ መሞቅ የቁስል መጀመሪያ ነው፤ የቀሩት ጥቂት ቀናት ነበሩ።

መሪጌታ ጣቴን አዩ፣ እግራቸውን አዩ። «የእኔ ዘበኞች ቢሞቱ ያንቺዎቹ ይጠብቁኛላ» አሉ።

መጋቢት 26፣ ከጧቱ 2፡30

ቅጹን ትናንት ባዶውን ለኃላፊዬ መለስሁ። ካርድ ክፍል አልገባም፤ ደም ሥር መዳሰሱ እስኪመለስልኝ የስኳር ሕሙማንን እግር ልይ አልሁ። ባይመለስስ? አለችኝ። ያኔም እግር አያለሁ። አንድ ወንበር፣ አንድ በርጩማ፣ አንድ ሳፋ ፈቀደችልኝ። ከክትባት ክፍሉ ጎን።

ማንም የሚመጣ አልመሰለኝም። መሪጌታ ግን ለደብሩ ሁሉ አውርተዋል። አግዳሚው ላይ አራት ሽማግሌዎች ካልሲያቸውን አውልቀው ተደርድረዋል፤ መሪጌታ «ጸጋው ያለው በቅድሚያ ይግባ!» እያሉ ያስቋቸዋል። እጄን ልታጠብና ልጀምር።