የማይበላ ዱባ አራሚዎችን ስለበተኑት ሊቀ መንበር

ለክቡር አቶ ክንፈሚካኤል ገነነ፣
የሠፈራችን የጎልማሶች ንባብና ኮምፒውተር ማኅበር ሊቀ መንበር፣
ፍኖተ ሰላም። ጥቅምት 2008 ዓ.ም.

ክቡር አቶ ክንፈሚካኤል ሆይ፤ እናትነሽን ከጎኔ ያነሷት እርስዎ ነዎት። ይህን ከሰላምታ በፊት ማስቀደሜ ነውር መሆኑን አላጣሁትም፤ ሌላ ሰው ያለ ጥፋቱ እንዳይጠረጠር ብዬ ነው። አሁን ወደ ሰላምታዬ ልመለስ። እንደምን ከርመዋል? ለወገብዎ፣ ለዓይንዎ፣ ይልቁንም ያለ ድምፅ ማጉያ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ለሚሰማው ጉሮሮዎ ፈጣሪ ጤና እንዲሰጥልኝ ዘወትር እለምናለሁ።

ደብዳቤው በማኅበሩ በር ላይ የሚለጠፍ ስለሆነ፣ ነገሩን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ ጥቂት እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ። እኔና ጎረቤቴ እናትነሽ በስተርጅና ፊደል ስንቆጥር፣ አስተማሪያችን መስከረም ጣታችን እንዲፍታታ ብላ መብራትና ኔትወርክ በተስማሙበት ቅዳሜ ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ታስቀምጠን ነበር። የከፈተችልን ጨዋታ ከየአገሩ ሰው በኢንተርኔት የሚገባበት፣ እያንዳንዱም በስሙ አንድ ምስል እያቆመ የሚኖርበት ሰፊ አገር ነው። የአገሩ ዋና ሥራ ዘንዶ ገድሎ በማዕረግ ማደግ ነው። ዳር ዳሩን ግን የፈለገ ብቻ የሚሠራው ነገር ሞልቷል፤ ዓሣ ማጥመድ፣ በበዓል ሜዳ ወጥቶ መጨፈር፣ ጓሮ ተቀብሎ ዱባ መትከል። ዱባው አይበላም፣ አይሸጥም፣ ማዕረግም አይጨምርም። እኛ የያዝነው ይህንኑ ነበር።

መጀመሪያ ላይ እኔ ነገሩን በአገራችን ደንብ ወስጄው፣ የማላውቀው ሰው ጓሮ በአረም ተውጦ ባይ ጊዜ ወንፈል ነው ብዬ ከዳር እስከ ዳር አረምሁለት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ብድሩን ሊመልስ ይመጣል ብዬ ቁጭ ብዬ ስጠብቀው፣ ሰውየው የወርቅ ቆብ ደፍቶ በፈረስ አጠገቤ አለፈ፤ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላለኝም። ስድብ ጻፍሁለት፤ ፊደላችንን ማሽኑ ስለማያውቀው የታየው ባዶ ሣጥን ብቻ ነው አሉኝ። እናትነሽ እንባዋ እስኪወርድ ስቃ «አንቺ ሴት፣ ለፈረንጅ ዱባ ወንፈል ትገቢያለሽ እንዴ!» አለችኝ። ከሳቋ ስትመለስ ግን ወደ ጓሮዬ ገብታ ታርም ጀመር። ከዚያ ወዲያ አንድ ቅዳሜ የእኔን፣ አንድ ቅዳሜ የእሷን ሆነ።

ክቡርነትዎ እርሻን ከስብሰባ አዳራሽ ስለሚያውቁት ልንገርዎ። በእውነተኛው ማሳ ዳጉሳ ስናርም ዝናብ ይቀድመናል፣ ባል ይጠራናል፣ አጎንብሶ የሚያወራ የለም። በዚያኛው ጓሮ ግን ዱባው ቢጠፋ የሚራብ ሰው ስለሌለ፣ ወጋችን እስኪያልቅ እናወራለን። እናትነሽ የመጀመሪያ ልጇን የቀበረችበትን ቀን የነገረችኝ እዚያ፣ ዓይኗን ከዱባው ሳታነሣ ነው። አጥር ለአጥር ስንኖር አንድም ቀን አንሥታው አታውቅም ነበር።

አሁን ቅሬታዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ከኋላችን ቆመው «ይህ ዱባ ለልማት ምን ይጠቅማል?» ብለው ስለጠየቁ ከልብ አመሰግናለሁ። በዕድሜዬ ሙሉ የምሠራው ሁሉ የታዘዝሁት ስለነበር እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። መልስ ሳይጠብቁም የማኅበሩን ተጫዋች ሁሉ አንድ ለአምስት አደራጅተው ዘንዶ ላይ አዘመቱት፤ ከየውጊያውም በኋላ ግምገማ ያካሂዳሉ። ዘንዶው ግን በተገደለ በሰዓቱ ተነሥቶ ሥራው ላይ ይገኛል። እስካሁን እሱን አለመገምገምዎ ይገርመኛል፤ ከአምስቱም በላይ ሰዓት አክባሪ እሱ ነው።

ሁለተኛ፤ እጇ ፈጣን ነው ብለው እናትነሽን ለአምስቱ ፈዋሽ፣ ማለት በውጊያው የቆሰለውን የምታድን፣ አድርገው መርጠዋል። እጇ ፈጣን መሆኑን አውቃለሁ፤ የፈጠነው በእኔ አረም ላይ ነውና። ከቡሬ አምስቶች ጋር ለውድድር ወስደው፣ ሞዴል ብለው ኮፍያ ሸልመው መለሷት። ኮፍያውን ከሻሿ በላይ ደፍታ ገበያ ትወጣለች፤ ቤተ ክርስቲያን ይዛው ለመሄድ ገና አልደፈረችም። አልቀናሁም። ያምርባታል፤ ይህችን ቃል ለመጻፍ ከፊደል ሁሉ ይልቅ ተቸግሬያለሁ። እኔንም ቢጠይቁኝ እምቢ እል ነበር፤ እምቢ የማለቱን ዕድል ግን ነፈጉኝ።

ሦስተኛ፤ «ውጤት የሌላቸው» ብለው በር ጥግ ወዳለው ማሽን አዛውረውኛል። ስለ ንጹሑ አየር ምስጋናዬ የላቀ ነው።

አራተኛው ከሁሉ ይብሳል። በዚያ አገር ሕግ ሳይታረም የከረመ ጓሮ ተነጥቆ ለሌላ ሰው ይሰጣል። እናትነሽ ወደ እርስዎ ከዞረች ጀምሮ የእሷን ጓሮ ሳርም የከረምሁት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ የእሷን፣ ጊዜ ከተረፈኝ የእኔን። ባለፈው ቅዳሜ ከወንበሬ ሆኜ «እናትነሽ፣ ዱባሽ አብቧልና ነይ እይው» ብዬ ብጠራት፣ ማዳመጫዋን ከአንድ ጆሮዋ ገለጥ አድርጋ «ቆይኝ እስቲ ንግሥቴ፣ እኔ እኮ ሥራ ላይ ነኝ፤ አንቺ ተጫወቺ» አለችኝ። ሥራ የሚለው ቃል የእርስዎ ነው፤ ከአፏ ሲወጣ በድምፅዎ አወቅሁት። ወዲያው ከቡድኗ ወጣቶች አንዱ «እማማ፣ ደሜ አለቀ፣ ይድረሱልኝ!» ሲል ሰማሁ። «መጣሁ ልጄ፣ መጣሁ!» አለችው። እኔን በጠራኋት ጊዜ ያልተነሣው ድምፅ ለእሱ ተነሣ። እነዚያ ልጆች ክፉዎች አይደሉም። ነገር ግን የምታድናቸው እንደሆነች እንጂ ማን እንደሆነች አንዳቸውም ጠይቀዋት አያውቁም፤ የሚጠይቁበት ጊዜም የላቸውም፣ ዘንዶው ይነሣላ። እርስዎ ከእኔ የወሰዱት ማረፊያ ሰዓት አይደለም፤ ሰው የሚያወራኝን አንድ ሰዓት ነው።

ምንም አልለምንዎትም። ባለ ጥቅሙን ሁሉ ለባለ ጥቅሞች ያከፋፈሉ ሰው፣ ጥቅም የሌለውን አንድ ጥግ ሳያከፋፍሉ ቢተዉት ምን ይጎድልብዎት እንደነበር ብቻ፣ ሲመችዎ ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

በሰጡኝ የበር ጥግ ሆኜ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ የመሪነትዎን ጥላ በማክበርና ከጥላው ሥር ባለው ብርድ እጄን እያፍተለተልሁ እጅ የምነሣ፣
ውጤት አልባ ተማሪዎ፣
ንግሥቴ ታደለ

ማሳሰቢያ፤ ይህ ደብዳቤ በርዎ ላይ የተለጠፈው እርስዎ እንዲያነቡት ብቻ አይደለም። እርስዎ ሲቸኩሉ ሊያልፉት ይችላሉ። እናትነሽ ግን ታነበዋለች፤ ፊደል አብረን ነው የቆጠርነው፣ ቀስ ብላ ቃል በቃል እንደምታነብም አውቃለሁ። ስለዚህ ለእሷ በግልጽ እጽፋለሁ፤ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ጓሮሽን አላርምልሽም።