ዝይዋ እናቷን የጠበቀችበት ሳምንት

ማክሰኞ

ለልጆቹ አልነግራቸውም። ለሕሊና ቃል ሰጥቻታለሁ።

ልጄ ሕሊና ጠዋት እዚህ አሜሪካ ግሮቭፖርት ካለው መጋዘን የሌሊት ሺፍቷን ጨርሳ ስትገባ ዓይኗ አብጦ ነበር። የባሏ የተስፋዬ እናት፣ እትዬ ዘነቡ፣ ትናንት አዲስ አበባ አርፈው ዛሬ ተቀብረዋል። ተስፋዬ አያውቅም። ትራኩን ይዞ ከካሊፎርኒያ እየተመለሰ ነው፤ መንገዱ በረዶ ነው። ቅዳሜ ማታ ይገባል። እሑድ ንጋት ላይ የደብራችን ሰዎች መጥተው መርዶ ያረዱታል። ሁሉም ተስማምቷል። እኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ ዝም በይ ብቻ ተባልኩ። ዝም ማለት ደግሞ አውቅበታለሁ።

ልጆቹ በየማታው ከአባታቸው ጋር በስልክ ያወራሉ። ስለዚህ እነሱም ማወቅ የለባቸውም። ማርታ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ሶልያና ሰባት።

እንዳልረሳ፦
ሕሊና ጥቁር እንዳትለብስ።
ስልኩ ሲጠራ እኔ ቀድሜ ላንሣ።
የሰንበት ትምህርት ቤቱ የቤት ሥራ። ከልጆች ጋር አንድ የቤተሰብ ፊልም አይታችሁ ተወያዩ ተብለናል። ሦስት ጥያቄ በወረቀት ሰጥተውናል፦ በፊልሙ ውስጥ ምን እውነት አለ? ምን ውሸት አለ? ክርስቶስ አጠገባቸው ቢቀመጥ ምን ያደርግ ነበር? መምህሩ "ወላጅ ካልተመቸው አያት" ብሎ ወደ እኔ አየ።

ረቡዕ

ፊልሙን ማርታ መረጠች። ስለ ዝይዎች ነው። መንጋው ብርዱን ሸሽቶ ሲበር የአንዲት ጫጩት እናት ማዕበል ውስጥ ትቀራለች። አንዲት አሮጊት ዝይ ለጫጩቷ፣ እናትሽ ክንፏ ደክሟት ነው፣ ከኋላ ቀስ ብላ እየመጣች ነው ትላታለች። መንጋው በሙሉ ይህንኑ ይደግማል። ጫጩቷም በየሐይቁ ዳር ለእናቷ ቦታ ትይዛለች።

ሶልያና በወፍራሙ ዝይ ስትስቅ እኔ ፈንዲሻውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ምነው ሌላ ፊልም በመረጠች።

ጥያቄዎቹን ከወረቀቱ አነበብኩላቸው። በሰላሳ ዓመቴ ከሕሊና የአንደኛ ክፍል ደብተር ላይ ፊደል የለየሁ ሰው ነኝ፤ ስደነግጥ ዛሬም ፊደሉ ይጠፋብኛል። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ማርታ በእንግሊዝኛ መለሰች፤ አሮጊቷ ውሸታም ናት አለች። ለፍቅር ብላ እኮ ነው አልኳት። ዞራ አየችኝና በአማርኛ ጠየቀችኝ።

"እማማ፣ ለፍቅር ከሆነ ኃጢአት አይደለም?"

ሻይ ልጣድ ብዬ ተነሣሁ።

ተስፋዬ ሲደውል ከልጆቹ በኋላ እኔን ፈለገኝ። እናቴ ስልክ አታነሣም፣ እርስዎ አግኝተዋቸዋል ወይ አለኝ። መብራት ጠፍቶባቸው ይሆናል አልኩት። እንዴት ቀልጥፎ ከአፌ ወጣ! አምላኬ!

ሐሙስ

ጸሎት እምቢ አለኝ። መጽሐፉን ከፍቼ አንዱን መስመር አሥር ጊዜ አነበብኩ።

ባለቤቴ አዲስ አበባ ሲሞት ሕሊና እዚህ ኮሎምበስ ሶልያናን አርግዛ ነበር። ደበቅኋት። በደወለች ቁጥር ተኝቷል፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል፣ ጉሮሮውን አሞት ድምፁ ተዘግቷል እላት ነበር። ለጉሮሮው ብላ ሹራብ ላከችለት። ሹራቡ እጄ ሲገባ አርባው ወጥቶ ነበር። በሰላም ከተገላገለች በኋላም ሁለት ወር ዝም አልኩ። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ግን የነገርኳትን ሁሉ ሌላ ሰው ትጠይቃለች። በርበሬ አለ ብላት የወጥ ቤቱን ቁም ሣጥን ከፍታ ታያለች።

ንስሐ ገብቼበታለሁ። እሷን ግን ይቅርታ ጠይቄያት አላውቅም። አሁን ደግሞ እኔ የሠራሁባትን በባሏ ላይ እየሠራች ነው፤ እኔም እያገዝኳት።

ማርታ ከትምህርት ቤት እንደገባች ቦርሳዋን ሳታወርድ ወጥ ቤት መጣች።

"አያቴ ዘነቡ ሞተዋል አይደል? ትናንት ለአባዬ መብራት ጠፍቶ ይሆናል ስትዪው ሰማሁሽ። ልክ እንደዚያች ዝይ ነው ያልሽው።"

አዎ አልኳት። አላለቀሰችም። አባዬ ሲደውል ምን ልበለው አለችኝ። ማታ ስልኩ ሲጠራ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆለፈች። አባቷ ታመመች እንዴ ሲለኝ ሻወር ላይ ናት አልኩት።

ልጅቷንም ውሸቱ ውስጥ አስገባኋት። ምን ዓይነት አያት ነኝ።

ዓርብ

ሕሊና ዛሬ ከሥራ ኦፍ ናት። ልብስ ስታጥፍ አጠገቧ ተቀምጬ ማርታ እንዳወቀች ነገርኳት። ተቆጣች። በረዶ ላይ እየነዳ ይነገረው ነው የምትዪው፣ ቢገለበጥስ አለች። ልክ ናት። ይሄ ነው የጨነቀኝ፤ ልክ ናት።

"እኔም እንደዚሁ ብዬ ነበር" አልኳት። "ፅንሱ ቢወርድስ ብዬ። ከወለድሽ በኋላ ግን የፈራሁት ለራሴ ነው። በድዬሻለሁ ልጄ፣ ይቅር በዪኝ።"

አንዲት ካልሲ ከጥንዷ ጋር አጠፈች።

"ሹራቡን እኔ ነበርኩ የመረጥኩት፣ እማዬ" አለች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። ተነሥታ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ተመልሳ መጣች። በስልክ አይሆንም፣ እየነዳም አይሆንም፣ እኛ እንሂድለት አለች። ተስፋዬ ነገ እኩለ ቀን ላይ አጎራባቹ ኢንዲያና ግዛት ውስጥ ትራኮች የሚያርፉበት ቦታ ይቆማል። የንስሐ አባታችንና የሥራ ጓደኛው አብረዋት ይሄዳሉ፤ ጓደኛው ትራኩን ነድቶ ይመልስለታል። እኔ ይህን ያኔ እንዴት አላሰብኩትም? አንድ ሰው እንኳ ወደ ልጄ እንዲሄድላት አልለመንኩም።

ቅዳሜ

ማለዳ ወጡ። ለሶልያና ከማርታ ጋር ሆነን ነገርናት። አለቀሰች፤ ከዚያ ወፍራሙ ዝይም ይሞታል ወይ ብላ ጠየቀች።

ሦስተኛው ጥያቄ ባዶ ነበር። ስለ አልዓዛር አጫወትኳቸው፤ እንደሚያስነሣው እያወቀ ጌታ እንዳለቀሰ። ማርታ "ጫጩቷ አጠገብ ተቀምጦ እውነቱን ይነግራትና አብሯት ያለቅስ ነበር" ብላ ጻፈች።

ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ ጠራ። ተስፋዬ ነው። ድምፁ ሻክሯል።

"እማማ፣ መብራት ጠፍቶ ይሆናል ያሉኝ ዕለት ያውቁ ነበር?"

"ከማክሰኞ ጀምሮ አውቃለሁ። ዋሽቼሃለሁ፣ ልጄ።"

ከኋላው የመኪና ሞተር ይሰማል። ይዘጋብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ማርታን ያገናኙኝ አለ።

ስልኩን ይዛ መኝታ ቤት ገባች። የሁለቱንም ልቅሶ ሰማሁ፤ ሶልያና ጠዋት ካለቀሰችው ሌላ በዚህ ሳምንት በዚህ ቤት ሳይደበቅ የተለቀሰ የመጀመሪያው ነው።

ማታ ይደርሳሉ። ተስፋዬ ፊቴን ማየት ይፈልግ እንደሆነ አላውቅም። ለለቅሶ ለሚመጣው ሰው ወንበር እየደረደርኩ ነው።