ንፍሮ ጾም አያስገድፍም

ውድ ጋሽ ሰይፈ ሥላሴ፣

እንደምን ሰነበቱ እንዳልልዎ ትናንት ቀብረንዎታል። እንዲያም ሆኖ የምጽፍልዎ ባለቤትዎ እትዬ ይማርሽ በእኔ በኩል መልእክት ስለላኩልዎ ነው። መልእክቱ አጭር ነው፤ ግን ከመነሻው ካልተረኩልዎ እርስዎም አያምኑኝም።

አባቴ የሞተ ዕለት አይረሳኝም። ቀብር የሚያስፈጽመው የመንደሩ ቅሬ ሸክላ ሠሪ አያስገባም ነበርና ጡሩምባ አልተነፋልንም። «ቡዳ» ከሚባል ቤት ማን ይደርሳል? እርስዎ ግን የክልል ምክር ቤት አባል ሆነው፣ ኮትዎን አውልቀው ከአጎቶቼ ጋር ቃሬዛውን ተሸከሙ። ከዚያ ወዲያ በምክር ቤቱም በየቀበሌውም «ድስቷን እየገዛን ቀብሯን የምንሸሽ ምን ዓይነት ሰዎች ነን?» እያሉ ስንቱን አስቀየሙ! ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ እናቴን ቅሬ ያስገቧት ንዝንዝዎን መቻል ቢያቅታቸው ይመስለኛል።

አባል መሆን ሌላ፣ አብሮ መብላት ሌላ። ከላሊበላ ገበያ ስትመለሱ እቤታችን ጎራ ትሉ ነበር። እናቴ እንቁላል ትጠብሳለች፣ እርስዎ ይበላሉ፣ እትዬ ይማርሽ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው «ጾም ነኝ» ይላሉ። በፋሲካ ሰሞን እንኳ!

«በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ!» ብለው ይለምኗቸዋል። እምቢ ሲሉዎ ወደ እናቴ ዞረው ይቀልዳሉ፤ «አብሽሪ ሰብሌ፣ የሷ ፍልሰታ ዓመቱን ሙሉ ነው። አንድ ቀን ንፍሮ ታቀርቢላታለሽ። ንፍሮ ጾም አያስገድፍ፣ ያኔ ምን ትል ይሆን?»

እንስቅ ነበር። እናቴ ግን ከሄዳችሁ በኋላ የተረፈውን ስታነሳ አትስቅም ነበር።

ትናንት ባለሥልጣኖቹ በድምፅ ማጉያ ስለ እኩልነት ትግልዎ ብዙ ተናገሩ። አገሩ ሁሉ አለቀሰልዎ። ከቀብር መልስ የቅሬው ሴቶች እንደ ወጉ ንፍሮ ይዘው ድንኳን ሲገቡ፣ እናቴም ስንዴና ባቄላ ቀቅላ በሰፌድ ይዛ ተነሳች።

«እማ፣ ይቅርብሽ። ዛሬ እንኳ አትዋረጂ» አልኳት።

«የቅሬ አባል ነኝ እኮ! ለሳቸው ንፍሮ ካላዞርሁ ለማን ላዞር ነው?» ብላኝ ገባች።

በየረድፉ ዞረች። አንዷ ጠግቤያለሁ አለች፣ ሌላው ጥርሴን ያመኛል አለ። አንዱ ዘግኖ አግዳሚው ሥር ሲያፈሰው በዓይኔ አየሁት፤ ንግግሩ ላይ ከሁሉ በላይ ሲንሰቀሰቅ የነበረው እሱ ነው! ሰፌዱን ነጥቄ ለመውጣት ተነስቼ ነበር።

እትዬ ይማርሽ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። እህቶቻቸው ቢለምኗቸው፣ ንስሐ አባታቸው ቢገሥጿቸው አሻፈረኝ ብለዋል። ድንገት ከድንኳኑ ጥግ ድምፃቸው ተሰማ።

«ሰብሌ፣ ወዲህ አምጪው።»

እናቴ ሄዳ ሰፌዱን ዘረጋችላቸው። በሁለት እጃቸው ዘገኑ። እንባቸው እየወረደ ቀስ ብለው አላምጠው ዋጡ፤ ደግመውም ዘገኑ። እናቴ ሰፌዱን እንደያዘች ተንበርክካ ነበር። ከዚያ ጥቂት ሰዎች እጃቸውን ዘረጉ። ብዙዎቹ አልዘረጉም፤ ለእርስዎ አልዋሽም።

ሰፌዱ ግን ጎድሎ ነው ወደ ቤት የተመለሰው። እናቴ ማታ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ «ምነው አንድ ቀን እንኳ ቢቆዩ ኖሮ» ብላ ተንሰቀሰቀች። እኔንም የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ያን ሁሉ ዘመን የለመኑት ነገር ሲሆን፣ ከሁሉ በፊት ማየት የነበረብዎት እርስዎ ግን አልነበሩም።

ሌሎቹን እንደ እርስዎ መነዝነዝ የእኔ ፋንታ ነው፤ ቃሌ ነው። አፈሩን ያቅልልዎት፣ ጋሼ።

እትዬ ይማርሽን ስሰናበታቸው እጄን ይዘው «ንጋት፣ አንቺ አስተማሪ ነሽ፤ ጻፊለት» አሉኝ። ምን ብዬ ልጻፍ ብላቸው ያሉኝን እንዳለ አስቀምጬዋለሁ፤

«እሺ ብላለች በይው። ጣፍጧታልም በይው።»

የሸክላ ሠሪዋ የሰብሌ ልጅ፣
ንጋት