በአባባ መቃብር ላይ የሚጻፈው

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለጽጌሬዳ፣

የጌታ ሰላም ካንቺም ከቤትሽም አይለይ። እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ሊድስ ብርዱ በርትቷል ማለትሽን ሰምታ እማዬ ጋቢ ካልላክንላት እያለች ነው። ባለቤትሽ በርናባስስ፣ ኑሃሚንስ ደህና ናቸው? እኛ ኀዘኑ ባይወጣልንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

የአባባ ቀብር እንዴት እንደነበር በስልክ ደጋግመሽ ጠይቀሽኛል። እኔም "ሰዉ ብዙ ነበር" እያልኩ ሸሸሁሽ። እውነቱን ልንገርሽ። የሕይወት ታሪኩን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። የእንግሊዝኛ መምህር ተብዬ የማውቀውን ትልልቅ ቃል ሁሉ ደረደርኩበት፤ የልማት አርበኛ አልኩት፣ የአካባቢው ምሰሶ አልኩት። ሕዝቡ ከንፈሩን ሲመጥ፣ ባፍርም ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን እማዬ ድንኳኑ ጥግ ጠርታኝ፣ ያ ያነበብክላቸው ሰውዬ ማን ነው፣ የኔን ደግፌን እኮ አላነሳኸውም አለችኝ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

አምና በሰው የላክሽልኝን፣ እንደ ጃፓኖቹ በሦስት መስመር የሚያልቁ ግጥሞች ያሉበትን ትንሽ የእንግሊዝኛ የሃይኩ መጽሐፍ ያን ሳምንት አወጣሁት። ያኔ፣ ይሄማ የአስቤዛ ዝርዝር ነው፣ ግጥሙ የታለ ብዬ ቀልጄብሽ ነበር። አሁን ግን ቀስ ብዬ አነበብኩት። አንዱ በር ጥግ የቆመ እርጥብ ጃንጥላ ያሳያል፤ ሌላው አልጋ ስር የቀረ ነጠላ ጫማ። ማን እንደሞተ አይናገርም፣ እዘኑም አይልም። ቃሉን የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ እንኳ ያለ መዝገበ ቃላት ያነቡታል። እኔ ግን በዚያ ነጠላ ጫማ አለቀስኩ። በጻፍኩት ሁለት ገጽ ውስጥ አባባ የነካው አንድም ዕቃ አልነበረም።

አሁን ሲቀላ ሰፈር ያለው ድንጋይ ጠራቢ በመቃብሩ ላይ የሚቀረጸውን ጽሑፍ እየጠበቀ ነው። አጎታችን ገነነ ያንኑ የሕይወት ታሪክ አሳጥረህ ስጠው ቢለኝ እምቢ አልኩትና ተቀየመኝ። ከእማዬ ጋር ኩልፎ ወንዝ ዳር፣ አባባ ሲለፋበት በኖረው የሙዝ ማሳችን መሃል ተቀምጠን ሦስት መስመር ብቻ እንዲሆን ተስማማን። እሷ ብዙም ሳታስብ የራሷን ሰጠችኝ፦

ጭቃ የያዘ ቦቲ፣ ከደጅ።

እኔም ሙዝ ሲቆርጥ የሚንጠባጠብበትን ውሃ አስቤ ጨመርኩ፦

የሙዝ ውሃ ያጠቆረው ሸሚዝ።

ጋሼ ገነነ አንብቦ፣ ይሄንንማ ሸሚዝ አውቀዋለሁ አለና ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ወዲህ አልተቆጣኝም።

እማዬ አገላብጣ ትስምሻለች። ጋሼ ገነነና ባለቤቱ በለጥሽ እግዚአብሔር ያጽናሽ ብለውሻል። ለበርናባስ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ኑሃሚንንም ጉንጯን ሳሚልኝ።

ሦስተኛው መስመር ያንቺ ነው። ቀብሩ ላይ አልቆምኩም እያልሽ ራስሽን አትቅጪ። ከስድስት ዓመት በፊት አባባ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ብቻውን ሸኝቶሻል፤ ስትለያዩ ምን ሲያደርግ እንደነበር ካንቺ በቀር ያየ የለም። እሱን ጻፊልኝ፤ አታሳምሪው።

ወንድምሽ ሲላስ ደግፌ
አርባ ምንጭ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.